ሁለት ካርድና አሥራ ሁለት ኮከብ

ሰኔ 29፣ 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ

ዶክተሩ «የጉልበትዎን ሁኔታ በየጊዜው እየጻፉ ይዘውልኝ ይምጡ» ስላሉኝ ይህን ደብተር ገዛሁ። እንግዲህ ጉልበቴ ያማል። ደረጃ ስወርድ ይብሳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የተረፈውን ወረቀት ምን ላድርገው? ዕድሜዋን ሙሉ ጂኦግራፊ ስታስተምር የኖረች ሴት ባዶ ገጽ አይታ ማለፍ አይሆንላትም።

የታዘዘልኝ ውኃ ውስጥ መራመድ ነው። ቤቴል አንድ ሆቴል ሞቅ ያለ ገንዳ አለው። ከአስኮ እዚያ ለመድረስ ታክሲ ስቀያይር ጉልበቴ የባሰ ይታመማል፤ ይህንንም ዶክተሩ ይወቁልኝ። ልጄ ጽጌማርያም «እማዬ፣ ከወገብሽ በላይ አትገቢም!» ብላ አስምላኛለች። ባንክ ስለምትሠራ ሰውን በቃሉ አታምንም።

ትናንት ከግድግዳ ግድግዳ ስራመድ በጥልቁ በኩል አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቀጥሎ ሰው ብቅ አለ። አፉ ውስጥ ቱቦ፣ ጀርባው ላይ ሲሊንደር። የማብሰያ ጋዝ ተሸክሞ የገባ ነው የመሰለኝ። ሞቲ ይባላል፤ ቀይ ባሕር ላይ ዳይቪንግ ሲያስተምር የቆየ የአምቦ ልጅ ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ያሠለጥናል።

«እማማ፣ ይሞክሩት?» አለኝ።

እማማ! ገና ስድሳ ሁለቴ ነው።

ሞከርኩት። ከውኃ በታች ሆኜ ትንፋሽ ስቤ መለስኩ። ዝም ያለ አገር ነው። የታክሲ ረዳት የለም፣ የጽጌ ስልክ የለም፣ ዕድሜም የለም።

ተመዘገብኩ። ለጉልበቴ ነው።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አራት ተማሪዎች ነን። ዮዲ የምትባል ወጣት አለች፣ የምትበላውንም የምትጠጣውንም በስልኳ ትቀርጻለች። ዘመነች አለች፣ እዚሁ ቤቴል ፋርማሲ ያላት። ሃምሳ አምስት ነኝ ትላለች፤ ትበል። የዋና ልብሷ አበባ አበባ ነው። ዮዲና ሞቲ እሷን «እትዬ ዘመነች»፣ እኔን «እማማ ብዙነሽ» ይሉናል። ልዩነቱን ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

አራተኛው አቶ ሰይፈሥላሴ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ እየጠለቀ የመርከብ ሆድ ሲጠግን የኖረ ጡረተኛ። ይሄ ሰው ለምን ይማራል አትሉም? ነገሩ የካርድ ነው። ጠላቂ ለመሆን አንድ ድርጅት ፈትኖ ካርድ ሊሰጥህ ይገባል፤ ድርጅቱ ደግሞ አንድ አይደለም። የእሱ ካርድ ቀይ ነው። ሞቲ የሚሰጠው ሰማያዊ ነው። ሲሊንደር የሚያከራየን ሰውዬ ሰማያዊ ካላየ አያከራይም።

«ውኃው ነው ካርድ የሚጠይቀው?» አለ አቶ ሰይፈሥላሴ። «እኔ ስጠልቅ አንተ አልተወለድክም።»

«ጋሼ፣ እሱስ ልክ ነዎት» አለ ሞቲ። «ግን ቀይ ካርድ ያየ ሰው ከሜዳ ይወጣል እንጂ ይገባል እንዴ?»

ገንዳው በሳቅ ተናጋ። አቶ ሰይፈሥላሴ አልሳቀም። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የሳቅሁት።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ሙሉ ይኸው ነበር ወሬው። የቀዩ ፈተና ይከብዳል፣ የሰማያዊው ካርድ ዓለም ላይ ሁሉ ይታወቃል፣ ቀዩ ወታደር ያወጣል፣ ሰማያዊው ቱሪስት። ሰውዬው ግትር ነው። ሸሚዙ ግን የተተኮሰ ነው። ሚስቱ ካረፈች ስድስት ዓመት እንደሆነ ዮዲ ነገረችኝ። እኔ አልጠየቅኋትም። በቀጥታ አልጠየቅኋትም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ከገንዳው ስንወጣ ካፌው ውስጥ ሻይ ጠጣን። ዮዲ የሁሉንም ልደት እየጠየቀች ከስልኳ ኮከብ ታነባለች። እሷ ስኮርፒዮ ነች፤ ውኃ ነው አለች። ሞቲ አሪስ ነው፤ እሳት ነው አለች፣ ቅር እያላት። ይህች ልጅ ሞቲን የምታይበት ዓይን አላማረኝም። ማለቴ አምሮኛል።

«እኔ የማውቀው የባሕር ኮከብ ብቻ ነው» አለ ሞቲ። «አምስት እግር አለው፣ ስለ ሰው ትዳር ምንም አያውቅም።»

አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት? «ይሄ የፈረንጅ ነው» አልኩ። «የእኛ በልደት አይደለም። በስምና በእናት ስም ነው የሚቆጠረው። አባቴ ቢቸና መሪጌታ ነበሩ።»

ይህ እውነት ነው። ሰው ኮከብ ሊያስቆጥር ሲመጣ ግን አባቴ እኛን ልጆቹን ከቤት ያስወጡን ነበር። በበሩ ቀዳዳ ያዳመጥኩት የአሥራ ሁለቱን ኮከቦች ስም ብቻ ነው። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ... ከዚያ በላይ አንድ ፊደል አላውቅም።

ዘመነች ወንበሯን አስጠጋች። «የኔን ቁጠሪልኝ! እናቴ በላይነሽ ናት።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ጣቴን እየዘረጋሁ ወንዞች ቆጠርኩ። አዋሽ፣ ባሮ፣ ተከዜ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ኦሞ። ገናሌ ላይ ስደርስ ዓይኔን ገለጥኩ።

«አሰድ። እሳት ነሽ።»

«እሳት! አውቄዋለሁ!» አለች። ደስ አላት። ምን ጎዳኋት?

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ጥንድ ጥንድ ተደለደልን። ውኃ ውስጥ ብቻውን የሚወርድ የለም፤ አንዱ የሌላውን አየር ይጠብቃል። እኔና ዮዲ። ዘመነችና አቶ ሰይፈሥላሴ።

ማሰሪያዋን ያጠብቅላታል። ማሰሪያዋ ግን አልላላም ነበር። አየሁት እኮ።

ጉልበቴ ያማል።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ፀጉሬን ተሠራሁ። ክሎሪኑ እያበላሸው ስለሆነ ነው።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እኔና ዘመነች ብቻችንን ቀረን። ፀጉሯን እያደረቀች «ብዙነሽ፣ የአቶ ሰይፈሥላሴንስ ኮከብ ቆጥረሽዋል?» አለችኝ።

ቀላል ጥያቄ ነበር። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር።

«ሑት ነው» አልኳት። «ውኃ።»

«እኔ እሳት፣ እሱ ውኃ።» አሰበች። «ይጋጫል?»

«እኔ ምን አገባኝ» አልኳት። ከዚያ ደግሞ ቦርሳዬን እየዘጋሁ፣ «ብቻ አባቴ ቢሆኑ እሳትና ውኃን አንድ ላይ ወደ ጥልቅ አይሰዱም ነበር።»

አባቴ በሕይወታቸው ከጉልበት በላይ ውኃ ውስጥ ገብተው አያውቁም።

ደግሞ ለደህንነቷ ነው። ጥንድ መተማመን አለበት። ካልተማመኑ ቢለያዩ ይሻላል። ይህን ማንም አሠልጣኝ ይላል።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ዘመነች ሞቲን ጥንዷን እንዲቀይርላት ለመነችው። ምክንያቷን አልተናገረችም። ሞቲ ትከሻውን ነቅንቆ «ይሁን» አለ፤ ዮዲን ለአቶ ሰይፈሥላሴ ሰጠና ዘመነችን...

ከእኔ ጋር።

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ፍልሰታ ገብቷል። በጾም መዋሸት ይከብዳል። ውሸቱ ግን የተነገረው ጾሙ ሳይገባ ነው።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ዘመነች ፋርማሲዋ ጠራችኝ። ለጉልበቴ ቅባት አዘጋጅታ ጠበቀችኝ፤ ገንዘብ አልቀበልም አለች። ከመደርደሪያው ጀርባ ሁለት በርጩማ አስቀምጣ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለችኝ። «አንቺ ከነገርሽኝ ወዲህ አስባለሁ። ችግሩ ከሱ ጋር መሆኔ ብቻ አይደለም። እሳት ከሆንኩ ውኃ ውስጥ ምን እሠራለሁ?»

«ኧረ ዘመነች! ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታማ አይደለም። አንቺ አክብረሽኝ ነው በግልጽ ያልነገርሽኝ።» እጄን ያዘች። «ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ደፍሬ የጀመርኩት ነገር የለም። ለልጆቼ ካርዱን ላሳያቸው ብዬ ነበር። አሁን ግን ተዪው ብትዪኝ እተወዋለሁ።»

ክፉ ሴት ብትሆን እንዴት ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለችም። አበባ አበባ ልብስ የምትለብስ ደግ ሴት ናት።

ቅባቱ ይሠራል። ይህም ያናድደኛል።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ላስተካክለው ሞከርኩ። «እንደገና ቆጠርኩት፤ ተሳስቼ ነበር፤ ሸርጣን ነሽ፣ ንጹሕ ውኃ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ለማጽናናት ብለሽ ነው። አንቺ ሰው ነሽ፣ ብዙነሽ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

መጀመሪያ የዋሸሁትን አመነችኝ፣ ለማረም የዋሸሁትን አላመነችኝም።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

መጨረሻው የገንዳ ትምህርት። ሞቲ ጅቡቲ ሥራ አግኝቷል፤ መስከረም ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ክረምቱ ሳይወጣ የሳምንት ቅዳሜ ቢሾፍቱ ሐይቅ ውስጥ ወርደን እንፈተናለን። ዮዲ ጅቡቲን በስልኳ ካርታ ላይ ስትፈልግ ነበር። ምሥራቅ ነው አልኳት፤ የማስተማር ልማድ ነው።

ዘመነች መነጽሯ ውስጥ ውኃ ሲገባ በአፍንጫዋ እፍ ብላ የምታወጣውን ልምምድ ዛሬ አቃታት። በፊት ከሁላችንም ትበልጥ ነበር።

መንገር አለብኝ። ነገ እነግራታለሁ።

ነሐሴ 18

አልነገርኳትም። ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።

ነሐሴ 21

ዝናብ። ስልክ ደወልኩላት፣ ስለ ቅባቱ አወራን።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ፣ ቢሾፍቱ፣ ቤርጎ ውስጥ

ከጥልቀት የወጣ ሰው በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ከፍታ መውጣት አይፈቀድለትም፤ ደሙ ውስጥ ያለው አየር ይረበሻል። ስለዚህ እዚሁ አድረናል። ለጽጌ ከማኅበር ጋር ነኝ አልኳት። ማኅበር ነው፣ ማን አይደለም አለ?

የሆነውን ልጻፍ።

ውኃው ደፍርሷል። አረንጓዴ ነው፤ የተዘረጋ ክንድ ጫፉ አይታይም። ሞቲ የዘረጋውን ገመድ ይዘን ወረድን። እሱ ከፊት፣ እኔና ዘመነች መሐል፣ አቶ ሰይፈሥላሴና ዮዲ ከኋላ። ጥቂት ሜትር እንደወረድን ዘመነች ቆመች። መነጽሯ ውስጥ ውኃ ገብቷል። እፍ በይ ብዬ በእጄ አሳየኋት። አላለችም። ዓይኖቿ ፈጠጡ። ድንገት ማስተንፈሻውን ከአፏ ነቅላ ወደ ላይ ተወረወረች።

ሞቲ የመጀመሪያ ቀን ያስጠነቀቀን ይህንን ነው። ትንፋሹን ይዞ የፈነጠረ ሰው ሳንባው ይቀደዳል።

እግሯን ያዝኩ። ረገጠችኝ፤ ያውም የታመመውን ጉልበቴን። አልለቀቅኩም። ቀበቶዋ ላይ ደረስኩ፣ ሳብኳት፣ ከራሴ ሲሊንደር ላይ ያለውን ትርፍ ማስተንፈሻ አፏ ውስጥ ከተትኩላት። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ ዓይን ዓይኗን አየኋት። ስድሳ ተማሪ ያለበትን ክፍል ጸጥ አሰኝበት በነበረው አስተያየት። አትንቀሳቀሺ። ተንፍሺ። እኔ አለሁ።

አረፋ ወጣ። ደግሞ ሌላ። ተነፈሰች።

ሞቲ ደረሰ። የራሳችንን አረፋ ሳንቀድም፣ ቀስ ብለን ወጣን።

ዳር ላይ በፎጣ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። ሞቲ ሳንባዋን፣ ጆሮዋን፣ ሁሉን አየ፤ ደህና ናት። ብቻችንን ስንቀር፣ «ኮከቤ ነው» አለችኝ። «ነግረሽኝ ነበር። ያልሰማሁሽ እኔ ነኝ።»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ዘመነች፣ ኮከብሽን አላውቀውም።»

«አሁንም ልታጽናኚኝ...»

«አላውቀውም እልሻለሁ! የቆጠርኩት ወንዝ ነው። አዋሽ፣ ባሮ፣ ተከዜ። አባቴ አላስተማሩኝም። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩሽ።»

መንቀጥቀጧን አቆመች። «እሱን ውኃ ያልሽውስ?»

«እሱንም።»

«ለምን?»

ዓይኔ ሳያስፈቅደኝ ወደ ሐይቁ ሄደ። አቶ ሰይፈሥላሴ ሲሊንደሩን ተሸክሞ፣ ፀጉሩ ላይ ቅጠል ተለጥፎበት ከውኃው እየወጣ ነበር። የዘመነች ዓይን ዓይኔን ተከትሎ እስከ እሱ ሄደ፤ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«ይኸው ነው? ለዚህ ነው?»

የፎጣዬን ጫፍ ማጣመም ጀመርኩ።

«ብትነግሪኝ እኮ መርቄ እሰጥሽ ነበር! ስለ ቀይ ካርዱ ሲያወራ ጆሮዬ ደንቁሯል።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም። «ሳምንታት ሙሉ አልተኛሁም፣ ብዙነሽ» አለች። ፎጣዋን ሰብስባ ተነሥታ ሄደች።

ያለቀስኩት ክፍሌ ገብቼ ነው። ደግሞም ትንሽ ነው። አይደለም፣ ብዙ ነው።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ አቶ ሰይፈሥላሴ መጣ። ሸሚዙ እዚህም የተተኮሰ ነው። ካውያ ይዞ ነው የሚጓዘው? አጠገቤ ያለውን ወንበር ሳበ።

«ዛሬ ውኃው ውስጥ ያደረጉትን ከኋላዎ ደርሼ አይቻለሁ» አለ። «ጅቡቲ ከእኔ ጋር ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ እንደዚያ አይዙም።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ዘመነች ኮከቤ ውኃ እንደሆነ ነግራኝ ነበር። እርስዎ ነዎት የቆጠሩት?»

«አዎ።»

«የእናቴን ስም ማን ነገረዎት?»

ሐይቁን አየሁት። ከዚህ በፊት አንድም ሐይቅ እንዲህ በጥሞና ተመልክቼ አላውቅም። እሱም ሐይቁን አየ። ጢሙ ሥር ፈገግ ያለ ይመስለኛል፤ ግን ዞሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም።

«የሺእመቤት ይባላሉ» አለ ሲነሣ። «አንድ ቀን በደንብ ብትቆጥሪልኝ።»

ብትቆጥሪልኝ ነው ያለው። ቢቆጥሩልኝ አላለም።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ዘመነች ጠዋት ከሞቲ ጋር ብቻዋን ሄዳ ወረደች። እኔ ዳር ቆሜ አረፋዋን ስጠብቅ ነበር። እንዲህ ረዥም ጥበቃ አላውቅም። ወጣች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እየሳቀች። በአጠገቤ ስታልፍ «ቅባቱን መልሺልኝ» አለችኝ።

ቀልዷን ይሁን የምሯን አልገባኝም። ጠየቅኋት። «እኔም አላወቅኩም» አለች።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ጽጌ ከሥራ ቀጥታ መጣች። ስልኳን ፊቴ ደቀነች። ዮዲ ቪዲዮ ለቃለች፤ እኔ በጥቁር የጎማ ልብስ፣ «የስድሳ ሁለት ዓመቷ ጠላቂ» ተብሎ ተጽፎበታል። ባንኩ ውስጥ ያሳያት ሥራ አስኪያጇ ነው።

«ከወገብሽ በላይ አትገቢ አላልኩሽም?»

«ወገቤም አብሮኝ ወርዷል» አልኳት።

ይሄ መባል አልነበረበትም። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጄ ስትጮህ እንጂ ስታለቅስ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

«አባዬ ጠዋት ደህና ወጥቶ ነው በዚያው የቀረው» አለች። «አንቺን ደግሞ ውኃ ውስጥ፣ እኔ ሳላውቅ?»

ለሷ ከወገብ በላይ አትግቢ ማለት ይህ ነበር። እኔ የባንክ ቤት ቁጥጥር መስሎኝ ነበር። ዶክተሩ መጥለቅ እንደምችል የፈረሙበትን ወረቀት አወጣሁ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ተስማማን፤ ከመውረዴ በፊት እደውላለሁ፣ ስወጣም እደውላለሁ። ከዚያ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተችው።

«ልብሱ ግን ያምርብሻል» አለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ዘመነች ዘንቢል ሙሉ የልብስ ማጠቢያ ዱቄትና ሳሙና ይዛ ቤቴ መጣች። የጎማው ልብስ ሽታ እንዲለቅ እንዴት እንደሚታጠብ ታውቃለች። ሁለታችንም ባኞ ውስጥ ተንበርክከን አጠብነው። ይቅርታ ጠየቅኋት። «አንድ ጊዜ ጠይቀሻል፣ ይበቃል» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ገና አልጨረስኩም ግን፤ አንዳንድ ቀን እናደድብሻለሁ» አለች።

ይሁን። መብቷ ነው።

መስከረም 3፣ 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ካርዳችን መጣ። አራታችንም አልፈናል። ዘመነች ካርዷን ለልጆቿ ፎቶ አንስታ ላከች፣ ከዚያ ለማያውቋት የካፌው አስተናጋጆችም አሳየች። ሞቲ ነገ ይሄዳል። ዮዲ ስለ ኮከብ ምንም አላወራችም። ሻንጣዋ አጠገቧ ነበር፤ ጅቡቲ የሚቀረጽ ነገር ብዙ ነው አለች። ሞቲ ጆሮው ድረስ ቀላ። ዘመነችና እኔ ተያየን።

አቶ ሰይፈሥላሴ ሰማያዊውን ካርድ ገልብጦ ገልብጦ አየውና ከቀዩ ጎን ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ዞሮ ዞሮ ሁለቱም ላስቲክ ናቸው» አለ። ከክረምቱ ክርክር በኋላ ይህን ማለት ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ላንጋኖ በጥቅምት ውኃው እንደሚጠራ ነገረኝ። ላንጋኖ ቡኒ ነው፣ በጋም ክረምትም አይጠራም። ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ።

«እሄዳለሁ» አልኩት።

በስምምነታችን መሠረት ለጽጌ ደወልኩ።

«ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?» አለች።

«ከጥንዴ ጋር።»

«ምን?»

«የዳይቪንግ ቃል ነው። ምንም የለበትም።»

ጽጌ ስታስብ የምታንኳኳው እስኪሪብቶ ይሰማኛል።

«እንግዲያው እሑድ ለምሳ ይምጣና እንየው» አለችኝ፤ እሷ እናት፣ እኔ ልጅ የሆንኩ ይመስል።

«እሺ» አልኩ።

ትንሽ ፈጥኜ ነው ያልኩት።